ቀይ ጫፍ ያላቸው ችካሎች

ችካሎቹን ቀይ ቀለም የቀባኋቸው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ቀለሙ የትምህርት ቤቱ በር ሲቀባ የተረፈ ነበር፤ ከንብረት ክፍሉ ለምኜ ወሰድኩና ከመምህራን ማረፊያው ጓሮ ተቀምጬ የአሥራ አንዱንም ችካል ጫፍ እየነከርኩ ፀሐይ ላይ ደረደርኳቸው። ቀለሙ ለሦስት ቀን ከእጄ አልለቀቀም። ባልደረቦቼ «መምህርቷ ግንበኛ ሆነች» ብለው ሲስቁብኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከነቀምቴ ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ በሚኒባስ ስሄድ በግራ በኩል አልቀመጥም። በግራ በኩል ያ ማሳ አለ። ማሳ ማለቴ ከልማድ ነው፤ ዙሪያውን በብሎኬት ታጥሮ፣ ውስጡ ሣር በቅሎበት የተቀመጠ ቦታ ነው። ከተማው እዚያ አልደረሰም፤ እስከ ዛሬም አልደረሰም። ሌላ ቦታ ጠፍቶ በግራ መቀመጥ ግድ ሲሆንብኝ ስልኬን አውጥቼ አቀረቅራለሁ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶ «ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ማን አስቀየመዎት?» ይለኛል። 

ነገሩ የጀመረው በሥልጠና ነው። ነቀምቴ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከየትምህርት ቤቱ የተውጣጣን የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ለሁለት ቀን ተሰበሰብን። እኔ ሥልጠና አልወድም፤ ከኋላ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር ሳርም ውዬ፣ ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። የዚያን ቀን ግን እርማቴን አቆምኩ። አሠልጣኙ ጠመኔ ነክቶት የማያውቅ፣ በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነበር። «ተማሪው ከሚያውቀው ነገር ተነሡ» አለ። «ትምህርቱን ወደ ሜዳ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ እርሻ አውጡት። ሚና ስጧቸው። መሐንዲስ ይሁኑ፣ ሐኪም ይሁኑ፣ ዳኛ ይሁኑ። እናንተም ከሚናቸው አታስወጧቸው።» ሸሚዙን ብንቀውም ነገሩ ልቤን ነካው።

እውነቱን ለመናገር የቆየ ቁስል ነበረኝ። ስለ ስፋት የማስተምርበት አንድ አሮጌ አጋዥ መጽሐፍ ምዕራፉን የሚጀምረው በመዋኛ ገንዳ ነው። ገንዳው ዙሪያውን የእግር መንገድ አለው፤ የመንገዱን ስፋት ፈልጉ ይላል። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ገንዳ እስላለሁ። በየዓመቱ ሃምሳ ጥንድ ዓይን ምንም ሳይገባው ያየኛል። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ከብቶቹ በየት በኩል ገብተው ይጠጣሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያላገጠብኝ መስሎኝ ከክፍል አስወጣሁት። ልጁ ከልቡ እንደጠየቀ የገባኝ ማታ እራት ላይ ነው። ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ከሥልጠናው እንደተመለስኩ ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ መጽሐፉን ዘጋሁት። «ከእናንተ ውስጥ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ማሳ ያላቸው እነማን ናቸው?» አልኩ በኦሮምኛ። ስምንት ያህል እጅ ወጣ። «አራት ማዕዘን ያልሆነ ማሳስ ያለው?» ስል ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ።

የዚያች ልጅ እጅ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ስም ስጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፅዋን አልሰማሁም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ይቺ ደግሞ ስምንተኛን እንዴት ብላ አለፈች?» ያልኩትም ስለ እሷ ነው። «የኛ ማሳ ቀጥ ያለ ጎን የለውም» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «በላይ በኩል ወንዙን ተከትሎ ይዞራል፤ በታች በኩል ደግሞ ጉቶው ጋ ይሰበራል» ብላ በጣቷ ዴስኩ ላይ ሳለችው።  መምህር ለእንዲህ ያለ ደቂቃ ነው የሚኖረው።

«አባትሽ ይፈቅዳል?» አልኳት። አባቷ ዲጋ ወደሚባል ወረዳ ለወንድሙ ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ ሳምንት ይቆያል። እናቷ ግን ፈቀደች። አባቷ እስኪመለስ መጠበቅ እንደነበረብኝ አሁን አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው የዓመቱ ዕቅድ ወደ ኋላ መቅረቱን ብቻ ነበር።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ በቆሎው ተሰብስቦ ማሳው ላይ የቀረው ደረቅ አገዳ ነው። ገመዱን አሥራ ሁለት ቦታ እኩል ቋጠርነው። ሦስት፣ አራት፣ አምስት አድርጎ ሲወጠር ማዕዘኑ ቀጥ እንደሚል አሳየኋቸው፤ በየተራ እየሞከሩ ተደነቁ። ሚናም ሰጠኋቸው። ቁመቱ ከሁሉም የሚበልጠው ተማሪ ኮንስትራክሽን የሚሠራ ወንድሙን ቢጫ ቆብ አድርጎ መጥቶ ነበር፤ እሱን ዋና ቀያሽ አደረግሁት። ሁለት ልጆች ገመድ ያዙ፣ ሌሎች ችካል ተከሉ፣ የቀሩት መዘገቡ። «ሥራው እስኪያልቅ ተማሪ አይደላችሁም፤ ባለሙያ ናችሁ» አልኳቸው። ቀዩን ቀለምም የቀባሁት ለዚሁ ነበር፤ እውነተኛዎቹ ቀያሾች የሚተክሉት ቀይ ጫፍ ያለው ነው። እውነተኛ እንዲመስል ፈልጌ ነበር።

ያች ዝምተኛ ልጅ የዚያን ቀን አዛዥ ሆነች። መሬቱን በእግሯ ታውቀዋለች። እኔ በአራት ቦታ ልከፍለው ስል «አይሆንም ቲቸር፣ ወንዙ ጋ ያለው ቁራሽ ሳይለካ ይቀርብናል» ብላ በአምስት ጎነ ሦስት ከፈለችው። ትክክል ነበረች። እናቷ በሰፌድ የበቆሎ ንፍሮ ይዛ መጣች፤ ልጆቹ እየዘገኑ ይለካሉ፣ እየለኩ ይዘግናሉ። በሙያዬ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ይህን ስጽፍም ያንገበግበኛል።

ከመንገዱ ዳር አንድ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ቆመው ነበር። «ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉ።

«ቦታ እየለካን ነው» አለ ባለ ቆቡ ልጅ፣ ድምፁን አጎርንኖ።

«ለማን?»

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ራሴን ነቅንቄ አበረታታሁት። «ለከተማው» አለ።

ሳቄን አፍኜ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ። ሽማግሌው ችካሎቹን አንድ በአንድ በዓይናቸው ቆጥረው፣ ቆቡን አይተው፣ እኔን አይተው ሄዱ። አልተሰናበቱንም። በዚህ አገር ሰው መንገድ ላይ እንኳ ሳይሰናበት አይሄድም፤ ያ ብቻውን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ልጁን ጠርቼ «ጎበዝ፣ ከሚናህ አልወጣህም» አልኩት።

ችካሎቹን አልነቀልናቸውም። ሐሙስ ተመልሰን ልኬቱን ልናረጋግጥ ነበር። ረቡዕ ግን ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ፣ የሠራሁትን ነቀምቴ ሄጄ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን እንዳቀርብ ነገረኝ። ማስረጃ ስለሚያስፈልግ ደብተሮቹን ሰብስቤ አረምኩ። የልጅቷ ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ አምስቱ ጎነ ሦስቶች በማስመሪያ ተሰምረው፣ ጉቶው በነጥብ ተመልክቶ፣ የወንዙ ዳር ሳይቀር ተስሎ፣ ድምሩ ከታች ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በቀይ ብዕር «በጣም ጥሩ፣ 10/10» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ቀን አደረግሁበት። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «የትምህርት ቤታችን ሥራ መሆኑ ይታወቅ» ብሎ ገጹ ላይ ክብ ማኅተም አሳረፈበት። ደብተሩን ነቀምቴ ወስጄ አሳየሁ፣ ተጨበጨበልኝ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ደብተሩን ለልጅቷ መለስኩላት። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ገባ፤ ችካሎቹን ረሳኋቸው።

ከፈተናው በኋላ የልጅቷ ቦታ ባዶ ሆነ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ታማ ይሆናል ብዬ ክፍል ውስጥ፣ ጎረቤቷ የሆነችውን ተማሪ ጠየቅሁ። «ዲጋ ሊሄዱ ነው» አለችኝ። «ማሳቸውን ለነጋዴ ሰጡት። ከተማው ሊወስደው ስለሆነ።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለው?» አልኩ።

ጎረቤቷ ወደ ባለ ቆቡ ልጅ ዞረች። እሱም አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ለሽማግሌው «ለከተማው» ያለው ትዝ አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ችካሎቹ እንደቆሙ ነበሩ፤ ፀሐይ መትቷቸው ቀዩ ፈዝዟል እንጂ አንድም አልጎደለም። እናትየዋ ከሩቅ አይታኝ «አካም ጂርቱ» እያለች መጣች፤ «ኮታ፣ ታኣ» ብላ ከደጃፉ በርጩማ አቀረበችልኝ። እርጎ ተሰጠኝ። ቤቱ ግማሹ ተጭኗል፤ አልጋው ተፈቶ ግድግዳው ተደግፏል። አባትየው ከጓሮ ብቅ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቆማ ታየኛለች።

ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። ይቅርታዬንም በኦሮምኛ መንገድ ላይ እየደጋገምኩ አዘጋጅቼው ነበር። ሰውየው ግን ያመሰግነኝ ጀመር።

«ከለቅሶ ስመለስ ጃንጥላ የያዙ ሰውዬ መንገድ ላይ አግኝተው ነገሩኝ» አለ። «አላመንኳቸውም። መጥቼ ችካሉን አየሁ። ባለቤቴ፣ የልጅቷ አስተማሪ ናት አለችኝ። እኔም፣ ታዲያ ማን እንዲመጣ ፈልገሽ ነው አልኳት። ሰው ለመቁጠር የሚመጣው አስተማሪ ነው። ለምርጫ የሚመዘግበው አስተማሪ ነው። የማዳበሪያ ዝርዝር ሲጻፍ አስተማሪ ነው። መንግሥት ወደኛ ቤት ሲመጣ በአስተማሪ እግር ነው የሚመጣው።»

ልክ ነበር። እኔ ራሴ በዚያው መንደር ደብተር ይዤ ለምዝገባ በየቤቱ ዞሬያለሁ። ቆጠራ ሲባል ከአስተማሪ ሌላ ማን ተልኮ ያውቃል? ሰውየው ሞኝ አልነበረም፤ ያየውን በትክክል አንብቧል። የተሳሳተ ነገር ያስነበብኩት እኔ ነኝ።

«ልጅቷ ትምህርት ነው አለችኝ» አለ፣ ወደ በሩ ሳያይ። «ይቺ ልጅ ዋሽታኝ አታውቅም ነበር። ሰው እንዳይደናገጥ ዝም በሉ ተብለው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ደብተርሽን አምጪ አልኳት። አመጣች። የማሳዬ ልክ ከነድምሩ ተጽፏል፤ በቀይ ተፈርሞበታል፤ ማኅተም አለው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ትምህርት ነው ብላ ስትዋሸኝ ግን አዘንኩባት።»

ልጅቷን ቀና ብዬ አየኋት። አላለቀሰችም። ዓይኖቿን ከኔ አልነቀለችም፤ እየጠበቀችኝ ነበር።

አባትየው ቀጠለ። መሬት እንደማይሸጥ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን በኪራይ ስም ረጅም ውል ይጻፋል፣ ሽማግሌ ይቆማል፣ ነገሩ ያልቃል። ከነቀምቴ አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ ሊወሰድ ለተቃረበ መሬት ሌላ ሰው በማይሰጠው ዋጋ እወስደዋለሁ ብሎ እንደ ውለታ አደረገለት። ልኬቱን የገለበጡት ከልጅቷ ደብተር ነው። «አንድ ክንድ አልጎደለብኝም» አለ። «እሑድ ከቸርች መልስ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ፈርሜ አስረክባለሁ። ከዚያ ዲጋ፣ የሟች ወንድሜ ቤት እንገባለን። ሌላው ሰው ዶዘሩ ደጁ ሲቆም ነው የሚሰማው። እርስዎ ግን ልጆቹን ይዘው ቀድመው ምልክት ሰጡን። ገለቶማ፤ እግዜር ይስጥልን።»

እሑድ አለ። የነበርነው ዓርብ ላይ ነው። ገና አልፈረመም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ፤ ለማሳበብ አይደለም። እኔ የሠፈራ ልጅ ነኝ። የተወለድኩት አንገር ጉቲን ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ በመኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። አባቴ ደስ ሲለው የሚያወራው አንድ ታሪክ ነበረው። ባለሥልጣን መጣ፣ ችካል ተከለ፣ «ከዚህ እስከዚህ ያንተ ነው» አለው። ያንን ችካል ነቅሎ ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ ሰቅሎት ነበር። እኛ ቤት ችካል ማለት መሬት የመጣበት ቀን ነው። ሌላ ሰው ቤት መሬት የሚሄድበት ቀን ሊሆን እንደሚችል አርባ ዓመት ሙሉ፣ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ቋንቋውን ተናግሬ፣ አንድ ቀን አላሰብኩትም። ተማሪው ከሚያውቀው ልነሣ ብዬ የተነሣሁት ራሴ ከማውቀው ነበር።

በርጩማው ላይ ተቀምጬ እርጎውን ይዤ፣ አፌ ላይ የነበረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ማንም አይመጣም፤ ትምህርት ነበር። ይኸው ነው። ከዚያ ግን የሚከተለውን አሰብኩ። የሠፋሪ ልጅ መሬታችንን ለካች ይባላል። ማን ላካት ይባላል። ርዕሰ መምህሩ ስለ ማኅተሙ ይጠየቃል፤ እሱ ደግሞ እኔን ያጋልጣል። ነጋዴውም ጥቅሙ ከእጁ ሲወጣ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። የምስክር ወረቀቴም ትዝ አለኝ፤ ያፈርኩበት እሱን ማሰቤ ነው። ቅዳሜ ተመልሼ ብቻውን እነግረዋለሁ አልኩ በልቤ። ወይ ርዕሰ መምህሩን እልከዋለሁ። ቅዳሜም እንደማልሄድ፣ ማንንም እንደማልልክ፣ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ አውቄው ነበር።

«መልካም መንገድ ያድርግላችሁ» አልኩ። እርጎውን እስከ ታች ጠጣሁት።

ልጅቷ ልትሸኘኝ ተነሣች። እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድምና አባቷ ሳያዝዛት ከኋላዬ መጣች። በማሳው ዳር አለፍን። ጉቶው ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ቲቸር» አለች። «የሠራሁት ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው» አልኳት። «አሥር ከአሥር ነው የሰጠሁሽ እኮ።»

«አባቴ ውሸታም ነሽ ብሎኛል።»

መንገዱን አየሁ። ከወደ ጉቴ ሚኒባስ እየመጣ ነበር።

«ትምህርት መሆኑን ለምን አልነገሩትም?» አለች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ «አቤት» ስትል የነበረው ድምፅ ነው፤ አላስጮኸችውም። «አሁንም እኮ እቤት ነው ያለው።»

ሚኒባሱን እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት። አንድ እግሬን አስገብቼ ዞር አልኩና፣ እንደ አስተማሪ፣ ድምፄን ጠንከር አድርጌ፣ ሰኞ አዲስ ምዕራፍ ስለምንጀምር እንዳትቀሪ አልኳት።